ባላገኘው ባክቴሪያ ስሙ የሚጠራው ሐኪም፦ ኤድዊን ክሌብስ ማን ነበር?

በ1980ዎቹ አጋማሽ ታይዋን ውስጥ ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ትኩሳት የያዛቸው፣ ብርድ ብርድ የሚላቸው፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታቸው ሥር የሚያማቸው ሰዎች ይመጣሉ። ሲመረመሩ ጉበታቸው ላይ መግል ተቋጥሯል። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለውም። ጉበት ላይ መግል መቋጠር ድሮም የታወቀ በሽታ ነው። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ጉበት ላይ የነበረው ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ዓይን ውስጥ ይገባና ብርሃናቸውን ያሳጣቸዋል። በ1986 ስለ ሰባት እንዲህ ያሉ ታካሚዎች የሚተርክ ጽሑፍ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ባክቴሪያው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ይባላል።

ይህን ስም ሆስፒታል ሰው ያስታመመ ሁሉ የላብራቶሪ ውጤት ላይ አይቶት ሊሆን ይችላል። ክሌብሲየላ የሚለው ቃል የተወሰደው ኤድዊን ክሌብስ ከሚባል ሐኪም ነው። የሚገርመው ግን ባክቴሪያውን ያገኘው እሱ አይደለም። ራሱ ያገኘው ሌላ ገዳይ ባክቴሪያ ደግሞ ዛሬ በስሙ አይጠራም። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ነገሩ ወዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።)

የፊርሾ ተማሪ

ኤድዊን ክሌብስ የተወለደው የካቲት መጀመሪያ 1834 በፕሩሲያዋ ኮኒግስበርግ ከተማ ነው። ይቺ ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ናት። ሕክምና መማር የጀመረው እዚያው ነው፤ ከዚያ ወደ ቩርዝበርግ ሄደና የዘመኑ ትልቅ ሐኪም ከነበረው ሩዶልፍ ፊርሾ እግር ሥር ቁጭ አለ።

ፊርሾ ማን ነው? በዚያ ዘመን በሽታን በተመለከተ የፊርሾ ቃል የመጨረሻ ቃል ነበር ማለት ይቻላል። በሽታ የሚጀምረው ከሰውነት ሴሎች መበላሸት ነው የሚለውን ትምህርት ለዓለም ያስተማረው እሱ ነው። ክሌብስ ከ1861 እስከ 1866 በርሊን ውስጥ የፊርሾ ረዳት ሆኖ ሠራ። ሥራው የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ከፍቶ፣ ሥጋቸውን በስሱ ቆርጦ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሰውየው በምን እንደሞተ ማወቅ ነበር።

በ1866 ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ውስጥ ፕሮፌሰር ሆነ። ገና 32 ዓመቱ ነው። እዚያም ሮዛ ግሮሰንባኸር የምትባል ስዊዘርላንዳዊት አገባ። በ1869 ደግሞ ናሙናን በፓራፊን ሰም ውስጥ አድርጎ የማጠንከር ዘዴን አስተዋወቀ። ሥጋ ለስላሳ ነው፣ በስሱ ልቁረጥህ ሲሉት ይበጣጠሳል። ሰም ውስጥ ሲገባ ግን ጠንክሮ እንደ ወረቀት ይቆረጣል። ዛሬም የካንሰር ምርመራ ለማድረግ ከሰውነታችን ላይ ሥጋ ሲወሰድ የሚዘጋጀው በዚሁ በሰም መንገድ ነው። ስሙን ሰምተን የማናውቀው ሰው ሥራ በየሆስፒታሉ በየቀኑ እየተሠራበት ነው ማለት ነው።

ጦርነቱና ቁስሉ

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ገጠሙ። ክሌብስ በካርልስሩኸ ከተማ በነበረ የጦር ሆስፒታል አገልግሏል። እዚያ ያየው ነገር ሕይወቱን ሙሉ ተከተለው።

በዚያ ጊዜ ወታደር የሚሞተው ጥይቱ በመታው ቅጽበት ብቻ አልነበረም። ጥይቱን ተርፎ፣ ቁስሉ መግል ይዞ፣ ትኩሳት አጣድፎት ከሳምንት በኋላ የሚሞተው ብዙ ነበር። አብዛኛው ሐኪም ይህንን በመጥፎ አየር ያሳብብ ነበር። ክሌብስ የሞቱትን ወታደሮች መርምሮ በቁስላቸው ውስጥ ጥቃቅን ሕያዋን ነገሮች አገኘ። ቁስሉን የሚያመረቅዙትና ወደ ደም ገብተው ሰውየውን የሚገድሉት እነዚህ ናቸው አለ። በጥይት ቁስል ላይ የሠራውን ጥናት በ1872 አሳተመ።

ልብ በሉ! ሮበርት ኮክ ስለ አንትራክስ ባክቴሪያ የጻፈው በ1876 ነው። ክሌብስ ከዚያ በፊት ነው ይህን የሚያወራው። አለቃው የነበረው ፊርሾ ደግሞ ለዚህ ሐሳብ ቀልቡ አልነበረም። ተማሪ ከመምህሩ ትምህርት መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክሌብስ ግን ወጣ።

ሸክላው ምን አሳየ?

ክሌብስ ሐሳቡን በወሬ ብቻ አላስቀረውም። ከተማሪው ጋር ሆኖ በ1871 አካባቢ አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። አንትራክስ ያለበትን ፈሳሽ ቀዳዳው እጅግ በደቀቀ ሸክላ ውስጥ አሳለፉት። ከሸክላው ላይ የቀረው ነገር እንስሳትን ሲያሳምም፣ አልፎ የወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ግን ምንም አላደረገም። ስለዚህ በሽታውን የሚያመጣው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ሸክላው ያስቀረው ጥቃቅን ነገር ነው ማለት ነው። ቤታችን ውኃ የምናጣራበትን ማጣሪያ አስቡት፣ ሐሳቡ ያው ነው።

በ1877 ደግሞ ክሌብስ አራት መሠረታዊ ነጥቦችን አስቀመጠ። አንደኛ፣ ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አምጪ ነው። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያ ከምንም ተነስቶ አይፈጠርም። ሦስተኛ፣ በሽታ ሁሉ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። አራተኛ፣ የተለያየ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ራሳቸውም የተለያዩ ናቸው።

ዛሬ ላይ ሆነን ውጤቱን ስናርም ከአራቱ ሁለቱ ትክክል፣ ሁለቱ ስህተት ናቸው። ሁለተኛውና አራተኛው ዘመናዊ ሕክምና የቆመባቸው ምሰሶዎች ሆነዋል። አንደኛውና ሦስተኛው ግን ወድቀዋል። አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ ስኳር በሽታና ካንሰርም በባክቴሪያ የመጡ በሽታዎች ተብለው አይጠሩም። የክሌብስ ሕይወት በአጭሩ ይህ ነው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያያል፣ ከዚያ ያየውን ነገር ከልኩ በላይ ይለጥጠዋል።

ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ

ክሌብስ አንድ ቦታ አይቀመጥም ነበር። ከበርን ወደ ቩርዝበርግ፣ ከዚያ በ1873 ወደ ፕራግ፣ በ1882 ደግሞ ወደ ዙሪክ ተዛወረ። በሄደበት ሁሉ ይሠራል፣ ይጽፋል፣ ይከራከራል። የሳንባ ነቀርሳን ወደ እንስሳት በማስተላለፍ በሽታው ተላላፊ መሆኑን ለማሳየት ሞክሯል። ቂጥኝንም ወደ ዝንጀሮዎች ለማስተላለፍ ሙከራ አድርጓል።

ትልቁ ሥራው የመጣው በ1883 ነው። በዚያ ዘመን ዲፍቴሪያ የሚባለው በሽታ የአውሮፓ እናቶችን እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ሕፃኑ ጉሮሮው ላይ ግራጫማ ሽፋን ይሠራበታል። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ መተንፈሻውን ይዘጋና ልጁ ወላጆቹ እያዩት ታፍኖ ይሞታል። ክሌብስ ከዚያ ሽፋን ላይ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ቀጫጭን በትር የመሰሉ ባክቴሪያዎች አገኘና ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ።

ነገር ግን ማየት አንድ ነገር ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ። ባክቴሪያውን ለብቻው ነጥሎ ማሳደግና በሽታውን የሚያመጣው እሱ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን በ1884 የሠራው የኮክ ባልደረባ የነበረው ፍሪድሪሽ ሎፍለር ነው። ለረጅም ጊዜ ባክቴሪያው በሁለቱም ስም፣ የክሌብስ-ሎፍለር ባክቴሪያ እየተባለ ይጠራ ነበር። ዛሬ ግን በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ክሌብስም ሎፍለርም የሉም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1888 ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ ታወቀ። በ1890 መርዙን የሚያከሽፍ ፈውስ ተገኘ፤ ለዚህ ሥራው ኤሚል ፎን ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወሰደ። በ1920ዎቹ ደግሞ ክትባቱ መጣ። በአገራችን ሕፃናት በተወለዱ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው የሚወስዱት የአምስትዮሽ ክትባት ውስጥ አንዱ የዲፍቴሪያ ነው። ብዙዎቻችን ዲፍቴሪያ የያዘው ልጅ አይተን የማናውቀው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ጤና ጣቢያ ይዘውን ሄደው ካስወጉን መርፌ ጀርባ የክሌብስ ማይክሮስኮፕ አለ።

የወባው ስህተት

አሁን ደግሞ ወደ ውድቀቱ እንምጣ። በ1879 ክሌብስ ከጣሊያናዊው ቶማሲ-ክሩዴሊ ጋር ሆኖ ከሮም ወጣ ብለው ባሉ ረግረጋማ ቦታዎች ላይ ወባን ያጠና ነበር። ከረግረጉ አፈርና ውኃ ባክቴሪያ አገኙና የወባ መንስኤ ይህ ነው ብለው አወጁ። ስምም ሰጡት። የሕክምናው ዓለም በጉጉት ተቀበለው።

በዓመቱ በ1880 አልጄሪያ የነበረው ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቨራን በታማሚ ደም ውስጥ እውነተኛውን የወባ ተሕዋስ አየ። ባክቴሪያ ሳይሆን ጥገኛ ተሕዋስ ነበር። መጀመሪያ ሰሚ አጣ። ለምን መሰላችሁ? አንዱ ምክንያት የክሌብስ ባክቴሪያ ቦታውን ቀድሞ ስለያዘ ነው። የላቨራን ግኝት ተቀባይነት ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት። ትልቅ ስም ያለው ሰው ሲሳሳት ስህተቱ እንደ ተራ ሰው ስህተት ቶሎ አይረሳም፤ የሌላውን እውነትም ያዘገያል።

ክሌብስ በሽታ ሁሉ በባክቴሪያ ነው ብሎ ወስኖ ስለነበር ረግረጉ ውስጥ የፈለገውን አገኘ። ባክቴሪያ የማይገኝበት ረግረግ ደግሞ የለም።

ታዲያ ስሙ እንዴት ክሌብሲየላ ላይ ተቀመጠ?

በ1875 ክሌብስ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን መተንፈሻ ሲመረምር ባክቴሪያዎች አይቶ ነበር። ይህን ያየ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ግን ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደሆኑ ለይቶ አልወጣም።

በ1882 ካርል ፍሪድላንደር የሚባል የበርሊን ሐኪም በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ወፍራም ሽፋን ያለው ባክቴሪያ ገልጾ ጻፈ። የዛሬው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ይህ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የፍሪድላንደር ባክቴሪያ ይባል ነበር። በ1884 ከፍሪድላንደር ጋር ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ ሃንስ ክርስቲያን ግራም ባክቴሪያዎችን በቀለም የሚለይበትን ዘዴ አወጣ። ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ግራም ፖዘቲቭ፣ ግራም ኔጋቲቭ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ክሌብሲየላ ቀለሙን የማይዘው፣ ግራም ኔጋቲቭ የሚባለው ወገን ነው።

በ1885 ደግሞ ትሬቪዛን የሚባል ጣሊያናዊ ለዚህ የባክቴሪያ ወገን ስም ሲያወጣ ክሌብስን ለማክበር ብሎ ክሌብሲየላ አለው። በቃ፣ ስሙ ቀረ። ፍሪድላንደር ከሁለት ዓመት በኋላ በ1887 ገና በ39 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የሚጠራው ባክቴሪያ ቀስ በቀስ የክሌብስ ሆነ። ክሌብስ በፊናው ዲፍቴሪያን ለሌሎች አስረከበ። ታሪክ ሒሳቡን ሲያወራርድ አንዳንዴ እንዲህ ያምታታል።

ከአሜሪካ እስከ በርን

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ክሌብስ ከዙሪክ ወንበሩ ለቀቀ። ሥራውን ጀመረ እንጂ ጡረታ አልወጣም ማለት ይቀላል። ዕድሜው ወደ 60 ሲጠጋ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። መጀመሪያ በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል የሳንባ ነቀርሳ ላይ ሠራ፤ ከ1896 ጀምሮ ደግሞ በቺካጎው ረሽ የሕክምና ኮሌጅ አስተማረ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለማግኘት ያደረገው ጥረት አልተሳካም። በዚያ ጊዜ ለማንም አልተሳካም።

በ1900 ወደ ጀርመን ተመለሰ። በመጨረሻም ወጣት ፕሮፌሰር ሆኖ ወደጀመረባት ወደ በርን ሄዶ ጥቅምት 23 ቀን 1913 በ79 ዓመቱ አረፈ። ልጁ አርኖልድ ክሌብስም ሐኪም ሆኖ የሳንባ ነቀርሳ ላይ ሠርቷል፤ በኋላም የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ሰብሳቢ ሆነ። የሰበሰባቸው መጻሕፍት ዛሬ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ስሙን የያዘው ባክቴሪያ ዛሬ

ክሌብስ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው ብሎ ነበር። በስሙ የሚጠራው ባክቴሪያ ግን ያንን ሐሳብ በሁለት በኩል ያፈርሰዋል። ክሌብሲየላ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። የተለመደው ዓይነት በአብዛኛው የሚያጠቃው አቅም ያነሰውን ነው። በአገራችንም በሆስፒታሎች አራስ ሕፃናት ላይ የደም ኢንፌክሽን ከሚያመጡት መካከል በጥናቶች ደጋግሞ የሚገኝ ነው።

ታይዋን ውስጥ የታየው ግን ሌላ ነው። ይህኛው ኃይለኛው ዓይነት ሌላ በሽታ የሌለበትን፣ ሥራውን ሠርቶ የሚገባን ሰው ጭምር ይጥላል። ከአንጀት ግድግዳ ያልፍና ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው የደም ሥር ገብቶ ጉበት ላይ መግል ይቋጥራል። ከዚያ ወደ ዓይን፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላል። ኃይሉን የሚያገኘው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው እጅግ ወፍራምና የሚዝለገለግ ሽፋኑ ነው፤ የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ሊውጡት ሲሞክሩ ያሟልጫቸዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ያደገውን ባክቴሪያ በቀጭን ሽቦ ነካ አድርገው ወደ ላይ ሲስቡት እንደ ማር ይሳባል፤ ክሩ ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ከደማችን ብረት የመንጠቅ ችሎታው ነው። ብረት ለባክቴሪያ ምግብ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት አባት፣ እናት ወይም ጓደኛ ካለ ይህን ያዙልን፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከቀኝ የላይኛው ሆድ ሕመም ጋር ሲመጣ ጨጓራ ነው ተብሎ አይታለፍ። በአልትራሳውንድ ይታያል። ቶሎ ከተደረሰበት ሕክምና አለው፤ መግሉ በመርፌ ወይም በቱቦ ይወጣል፣ ለሳምንታት ደግሞ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል። በዚህ መሃል ዓይን ከደበዘዘ ወይም ከቀላና ካመመ ያኑኑ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። ሰዓት መዘግየት ዓይን ያሳጣል።

አሳሳቢው ነገር ሁለት ባሕርያት አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ድሮ ኃይለኛው ክሌብሲየላ በመድኃኒት ይሸነፍ ነበር፤ መድኃኒት የለመደው ደግሞ ያን ያህል ኃይለኛ አልነበረም። በ2016 ቻይና ሃንግዡ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለቱንም የያዘ ዓይነት አምስት ታካሚዎችን ያዘ። አምስቱም ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ማሳሰቢያ መረጃ ከሰጡት 43 አገራት መካከል 16ቱ ኃይለኛው ዓይነት አገራቸው ውስጥ መገኘቱን አሳውቀዋል።

እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ? ቀላል ነው፣ ግን አናደርገውም። ጉንፋን ሲይዘን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝተን አንዋጥ። የታዘዘልንን ደግሞ ሲሻለን አናቋርጥ። ጓደኛችን የተረፈውን ኪኒን ሲሰጠን አንቀበል። እጃችንን እንታጠብ፤ በተለይ ሆስፒታል ሰው ጠይቀን ስንገባና ስንወጣ።

ክሌብስ ከ140 ዓመት በላይ በፊት ዓይን የማያያቸው ነገሮች ሰው እንደሚገድሉ ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም ነበር። ዛሬ ሁላችንም እናምናለን። እንደሚያምን ሰው መኖር ግን ገና ይቀረናል።

ቤታችሁ ውስጥ የስኳር ታማሚ ካለ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። በሚቀጥለው ስለ የትኛው ሐኪም ወይም ተመራማሪ እንድንጽፍላችሁ ትፈልጋላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ጤናችሁን ይጠብቅልን!